የኢ1 መስመር ላይ ስሊፕና ቢጫ አላርም፦ ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦

«የመሥሪያ ቤታችን ስልክ አስተሪስክ በሚባል የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። ሰርቨሩ ባለ2 ፖርት የኢ1 (ብዙ ጥሪ በአንድ ላይ የሚይዝ ዲጂታል የስልክ መስመር) ካርድ አለው። ፖርት 1 ምድር ቤት ካለው የኦፕሬተሩ ሣጥን ጋር በ40 ሜትር ገደማ ኬብል ተያይዟል፤ ኬብሉን የዘረጋልን የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ነው። ፖርት 2 ቀስ በቀስ እየተውነው ካለው አሮጌ ፒቢኤክስ (የመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ) ጋር ይገናኛል። የኦፕሬተሩ መስመር ከፒቢኤክሱ ተነቅሎ ወደ ሰርቨሩ ከዞረ ወዲህ ንግግር ላይ ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ አለ፣ ፋክስ ገጹ ሳያልቅ ይቋረጣል። የፖርት 1 የስሊፕ ቆጣሪ በሰዓት ወደ 290 ይጨምራል። ከዚህ ሌላ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ቢጫ አላርም ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ መጥቶ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ጥሪዎችን ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩን አጥፍተን ስናስነሣ ለጊዜው የተሻለ ይመስላል። ኦፕሬተሩ ‹ከእኛ ወደ እናንተ የሚመጣው ንጹሕ ነው› ብሎናል። ማዋቀሪያው ፋይል ‹ስፓን=1,0,0› እና ‹ስፓን=2,1,0› ይላል፤ ሁለቱም በሲግናሊንግ ሲሲኤስ፣ በመስመር ኮድ ኤችዲቢ3፣ በስሕተት መመርመሪያ ሲአርሲ4 ናቸው። ካርድ እንግዛ ወይስ ኬብሉን እንቀይር?»

ካርድ አትግዙ። የጻፋችሁት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ፤ ነገሩ የተወሳሰበባችሁ እንደ አንድ ስላያችኋቸው ነው። ስሊፑ የክሎክ፣ ማለትም ቢቶቹ የሚላኩበትን ፍጥነት የሚመታው ሰዓት፣ ጉዳይ ነው፤ መንሥኤውንም እዚያው ማዋቀሪያው ላይ ጽፋችሁታል። ቢጫው ግን ከክሎኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ከእናንተ ወደ ኦፕሬተሩ በሚሄደው ጥንድ ሽቦ ላይ ነው መፈለግ ያለበት። ከሁሉ በፊት ግን ሰርቨሩን ማስነሣቱ ይቅር። ማስነሣት ቆጣሪዎቹን ወደ ዜሮ ይመልሳል፣ የካርዱንም ማቆያ አዲስ ያስጀምረዋል፤ ሌላ የሚጠግነው ነገር የለም። የተሻለ የመሰላችሁ ቁጥሩ ከዜሮ ስለጀመረ ነው። ማስረጃችሁንም አብሮ ይጠርገዋል።

የ290ው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። ኢ1 በሰከንድ 2,048,000 ቢት ያስተላልፋል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት የሚይዙ 32 ታይምስሎቶች ማለት ነው። በሰከንድ 8,000 ፍሬም ያልፋል፤ አንዱ ፍሬም 256 ቢት ሲሆን 125 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ካርዱ ከመስመሩ የሚመጣውን ቢት በመስመሩ ፍጥነት ወደ አንዲት ትንሽ ማቆያ ያስገባና በራሱ ክሎክ ያወጣዋል። ማስገቢያውና ማውጫው እኩል ካልሄዱ ማቆያው ወይ ይሞላል ወይ ይጎድላል። ልዩነቱ ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ ፍሬም ሲያክል ካርዱ አንድ ፍሬም ይጥላል፣ ወይም ያንኑ ፍሬም ደግሞ ያነበዋል። ስሊፕ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን እናስላ። በሰዓት 290 ማለት በየ12.4 ሰከንዱ አንድ ስሊፕ ነው። በ12.4 ሰከንድ የ256 ቢት ልዩነት ከመጣ በሰከንድ 20.6 ቢት ያህል ነው፤ ይህ ለ2,048,000 ሲካፈል ከሚሊዮን 10 ይሆናል። ከሚሊዮን 10 የታመመ መስመር ምልክት አይደለም። ማንንም ሳይከተል በራሱ የሚሄድ ጤነኛ ኳርትዝ ክሪስታል እንዲህ ነው የሚለያየው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት (አይቲዩ) ጂ.703 ደንብ ኢ1 ላይ ከሚሊዮን እስከ 50 ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈቅዳል፤ ክሪስታሉ እዚያ ጫፍ ላይ ቢሆን ኖሮ በየ2.5 ሰከንዱ ስሊፕ ታዩ ነበር። የኦፕሬተር ዋና ክሎክ ግን በሲዚየም አቶሚክ ሰዓት ወይም በጂፒኤስ የሚመራ ሲሆን ስሕተቱ ከመቶ ቢሊዮን 1 አይበልጥም። እንዲህ ያሉ ሁለት ዋና ክሎኮች ሳይገናኙ ለየብቻ ቢሄዱ እንኳ በመካከላቸው አንድ ስሊፕ የሚያጋጥመው በ72 ቀን ገደማ ነው። ሌላው የአይቲዩ ደንብ ጂ.822 ለደኅና ግንኙነት በ24 ሰዓት ከ5 ያልበለጠ ይላል። እናንተ በቀን ወደ 7,000 አላችሁ።

ስሌቱን ከማመናችሁ በፊት አንድ ነገር በዓይናችሁ እዩ። ሰዓት ይዛችሁ ለአምስት ደቂቃ ቆጣሪው ፊት ቁጭ በሉ። በየ12 ሰከንዱ እንደ ልብ ምት አንድ አንድ እያለ ከጨመረ የፍሪኩዌንሲ ልዩነት ነው፣ ነገሩ አለቀ። ለደቂቃዎች ዝም ብሎ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሃያ ሠላሳ ከዘለለ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ያኔ ቢቶቹ ራሳቸው መንገድ ላይ እየተበላሹ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የማን ክሪስታል ነው? ፋይሉ ውስጥ ከ‹ስፓን=› ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር የፖርቱ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው የክሎክ ምንጭነቱ ነው፣ ሦስተኛው የኬብል ርዝመት ማስተካከያ ነው። ሁለተኛው ቁጥር 0 ሲሆን «ከዚህ ፖርት ክሎክ አትውሰድ»፣ 1 ሲሆን «በአንደኛ ደረጃ ከዚህ ውሰድ»፣ 2 ሲሆን «አንደኛው ከጠፋ ከዚህ ውሰድ» ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ካርዱ ክሎኩን የሚወስደው ከፖርት 2፣ ማለትም ከአሮጌው ፒቢኤክስ ነው። እነዚህ ካርዶች ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ክሎክ ብቻ ይይዙና በሁሉም ፖርት ላይ በዚያው ይልካሉ። ስለዚህ ለኦፕሬተሩም የምትልኩለት በፒቢኤክሱ ክሪስታል እየተመታ ነው።

ፒቢኤክሱ ድሮ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ የኦፕሬተሩ መስመር በቀጥታ ስለሚገባበት ክሎኩን ከዚያ ያገኝ ነበር። መስመሩ ተነቅሎ ወደ ሰርቨሩ ሲዞር ፒቢኤክሱ የሚከተለው አጣና በራሱ መሄድ ጀመረ። ሰርቨሩ ደግሞ ያንን ይከተላል። ጥያቄያችሁ ላይ «ከዞረ ወዲህ» የምትለዋ ቃል ያለ ምክንያት አልገባችም።

ማስተካከያው ሁለት አኃዝ መቀየር ነው። የመጀመሪያው መስመር ‹ስፓን=1,1,0›፣ ሁለተኛው ‹ስፓን=2,0,0› ይሁን፤ ሌላውን አትንኩ። በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ከዚያ ፒቢኤክሱ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ፖርት ክሎኩን ከመስመሩ እንዲወስድ አድርጉት፤ አንዳንድ አሮጌ ፒቢኤክሶች ይህን «ስሌቭ» ይሉታል፣ ሌሎቹ የሲንክ ምንጮች ዝርዝር አላቸውና ፖርቱን እዚያ አንደኛ ላይ ማስገባት ይጠይቃሉ። ከኦፕሬተሩ የተነቀለው የድሮ ፖርት ዝርዝሩ ውስጥ አሁንም ካለ አውጡት። ለውጡ እንዲይዝ አስተሪስክን አቁሞ የዳህዲን (አስተሪስክን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) ማዋቀሪያ ትእዛዝ ዳግም ማስኬድ ያስፈልጋል፣ ጥሪ ሁሉ ስለሚቆረጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን። ሲነሣ የፖርት 1ን የሁኔታ ገጽ ተመልከቱ፤ ‹ክሎክ ሶርስ› የሚለው ቃል አሁን እዚያ መስመር ላይ መታየት አለበት። ፖርት 2 ላይ ካያችሁት ለውጡ አልገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ፖርት 1 ቢቋረጥ መጠባበቂያ ይኑር» ብሎ ለፖርት 2 ቁጥር 2 ይሰጠዋል። ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ፖርት 1 የተቋረጠ ዕለት ግን ካርዱ ከፒቢኤክሱ መውሰድ ይጀምራል፤ ፒቢኤክሱ ደግሞ ከካርዱ ነው የሚወስደው። ዕውር ዕውርን መምራት ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱ ክሎኮች እየተሳሳቡ ፍጥነታቸው ቀስ በቀስ ከመንገድ ይወጣል፣ በመጨረሻም ፖርት 2 ያለ ምንም ምክንያት የተቋረጠ መስሎ ይቀራል። 0 ይሁን። ፖርት 1 ቢጠፋ ካርዱ በራሱ ክሪስታል ይሄዳል፣ ፒቢኤክሱም ይከተለዋል፤ የውስጥ ስልካችሁ አንድ ስሊፕ እንኳ አያይም። ክሎክ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይውረድ፦ ከኦፕሬተሩ ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ ፒቢኤክሱ። በሁለቱም ጫፍ ማስተር (ክሎክ ሰጪ) ከተደረገ ስሊፕ ይቆጠራል፣ በሁለቱም ጫፍ ስሌቭ ከተደረገ ክሎኩ ይንሳፈፋል።

ፋክሱ ለምን ከድምፁ የባሰ እንደተጎዳ ካልገባችሁ፦ አንድ ስሊፕ ከእያንዳንዱ ቻናል ላይ የሚነጥቀው አንድ ባለ8 ቢት ናሙና ብቻ ነው። ጆሮ ይህን እንደ ትንሽ ‹ጠቅ› ይሰማዋል፣ ብዙ ጊዜም አያስተውለውም። የፋክስ ሞደም ግን የሚያነበው የሞገዱን ፌዝ ነው፤ የ125 ማይክሮሰከንድ ዝላይ ሚዛኑን ያዛባበታል። አንድ ገጽ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሲወስድ በየ12 ሰከንዱ ይመታል፣ ሁለቴ ሦስቴ ሲመታ ይተወዋል። ታይምስሎት 16 ላይ ያለው፣ የጥሪ ማገናኛ መልእክቶች የሚሄዱበት ዲ-ቻናልም ይጎዳል፤ ሎጋችሁ ውስጥ ‹ኤችዲኤልሲ አቦርት› እና ‹ባድ ኤፍሲኤስ› የሚሉ መልእክቶች መኖራቸው አይቀርም። መልእክቱ ዳግም ስለሚላክ ጥሪው ይገናኛል እንጂ ምክንያቱ ያው ስሊፑ ነው።

ክሎኩ ተስተካክሎ የስሊፕ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆሞ ሳለ እነዚህ የኤችዲኤልሲ መልእክቶች ከቀጠሉ ሰርቨሩን ተመልከቱ። እዚያው የሁኔታ ገጽ ላይ የተዘለሉ ኢንተራፕቶች (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራባቸው ምልክቶች) ቆጣሪ አለ፤ እሱ ከጨመረ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ካርድ ጋር ኢንተራፕት እየተሻማ ነው። ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሌላው ሁኔታ ቆጣሪያችሁ ዜሮ ሆኖ ፋክሱ አሁንም ሲቋረጥ ነው፤ ያኔ የኦፕሬተሩ ሣጥን ራሱ በውስጥ ክሪስታል ላይ ተዋቅሮ ሊሆን ይችላል። እናንተ እሱን ስለምትከተሉ ምንም አይታያችሁም፤ ስሊፑ የሚቆጠረው ከሣጥኑ ወዲያ ነው። መስመሩ በፓኬት ኔትወርክ ላይ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ክሎኩ ከፓኬቶቹ አመጣጥ ነው የሚገመተው፤ ምልክቱ እንደ እናንተው እኩል ርቀት ያለው ሳይሆን ትራፊክ ሲበዛ የሚበዛ ስሊፕ ነው። ሁለቱም በእናንተ እጅ የሚፈቱ አይደሉም።

ወደ ቢጫው እንምጣ።

ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የሚባሉት የሰሜን አሜሪካው የቲ1 አጠራር ናቸው፤ ኢ1 ላይም ካርዶቹ ይጠቀሙባቸዋል። ቀይ ማለት «እኔ አልሰማም» ነው፦ ወይ ምንም ፐልስ የለም፣ እሱ ኤልኦኤስ ነው፤ ወይ ፐልስ አለ ግን የፍሬሙ መነሻ አልተገኘም፣ እሱ ኤልኦኤፍ ነው። ሰማያዊ፣ ማለትም ኤአይኤስ፣ ፍሬም የሌለው የ1 ቢት ጎርፍ ብቻ ሲመጣ ነው። ይህን የሚልከው መንገድ ላይ ያለ መሣሪያ ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ሲጠፋበት «እኔ አለሁ፣ ከኔ ወዲያ ነው የተቋረጠው» ሲል። ሰማያዊ ስታዩ የራሳችሁን ኬብል አትንኩ፤ ኤአይኤሱ ራሱ በዚያው ኬብል በሰላም መጥቷልና። ስልክ አንሥታችሁ ለኦፕሬተሩ ደውሉ።

ቢጫ፣ በኢ1 ቋንቋ አርኤአይ፣ ከእነዚህ የተለየ ነው። ታይምስሎት 0 በአንዱ ፍሬም ላይ 0011011 የሚል የማሰለፊያ ቃል ይይዛል፣ በሚቀጥለው ፍሬም አይይዝም። ቃሉን በማይይዘው ፍሬም ላይ ሦስተኛዋ ቢት የአላርም ቢት ናት፤ በሰላም ጊዜ 0፣ ያኛው ወገን እናንተን መስማት ሲያቅተው 1 ያደርጋታል። ማለትም ቢጫ ያየ ሰው ጆሮው ደኅና ነው፤ ቢቷን ያነበባት በጆሮው ነውና። የተያዘው አንደበቱ ነው። ኦፕሬተሩ የማሰለፊያውን ቃል ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሳስቶ ሲያገኘው ፍሬም ጠፋብኝ ብሎ ቢጫ ይልክላችኋል።

እንግዲህ «ከእኛ ወደ እናንተ የሚመጣው ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን ያልተጠየቀ ነገር ነው የመለሰላችሁ። ልትጠይቁት የሚገባው «ከእኛ የሚደርሳችሁስ?» የሚለውን ነው።

ይህን እሱን ሳትጠብቁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሲአርሲ-4 በሁለቱም በኩል መከፈቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በሰከንድ 1,000 ብሎክ ይመረመራል። የተበላሸ ብሎክ ከደረሳችሁ የእናንተ የሲአርሲ ቆጣሪ ይጨምራል፤ ለኦፕሬተሩ የተበላሸ ብሎክ ከደረሰው ደግሞ እሱ ኢ-ቢት በምትባል ምልክት ይመልስላችኋል፣ እሷም የራሷ ቆጣሪ አላት። ሁለቱን ቁጥሮች በሥራ ቀን በየ15 ደቂቃው ወረቀት ላይ አስፍሩ። የሲአርሲው ዜሮ ሆኖ የኢ-ቢቱ ከጨመረ መላኪያችሁ መታመሙ ተረጋገጠ። ቁጥሩ የዘለለባቸውን ሰዓቶች አጠገቡ ካለው ነገር ጋር አስተያዩ፦ ሊፍቱ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው? መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር የተነሣበት ነው? በነገራችን ላይ፣ መብራት ሲጠፋ የኦፕሬተሩ ሣጥን አብሮ የሚጠፋ ቢሆን የምታዩት ቢጫ ሳይሆን ቀይ ነበር።

አሁን ኬብሉ። 40 ሜትር ለኢ1 ምንም አይደለም። ጂ.703 በ1,024 ኪሎኸርዝ እስከ 6 ዲቢ መዳከምን ይታገሳል፤ ደኅና ካት5ኢ ኬብል በዚህ ርቀት 1 ዲቢ እንኳ አይበላም። ስለዚህ ርዝመቱን ትታችሁ ጫፎቹን ተመልከቱ።

በካርዱ ጃክ ላይ ፒን 1 እና 2 መቀበያ ናቸው፣ ፒን 4 እና 5 መላኪያ ናቸው። ኢተርኔት የሚጠቀምባቸው 3 እና 6 እዚህ አይሠሩም። ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንዶች አሉ፤ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የተገመዱት ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ እኩል እንዲቀበሉና እንዲያጠፉት ነው። ኤሌክትሪሺያን ኬብል ሲያስር ብዙ ጊዜ ቀለሞቹን በተርታ ይደረድራቸዋል፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ ካደረገ ባለአምፖሉ ኬብል መሞከሪያ ከ1 እስከ 8 ቆጥሮ «ደኅና» ይላል። ግን ፒን 4 ላይ አረንጓዴ፣ ፒን 5 ላይ ነጭ-ሰማያዊ ገባ ማለት ነው፤ የሁለት የተለያዩ ጥንዶች ሽቦዎች። 1 እና 2 ግን በአጋጣሚ የአንድ ጥንድ ሆነው ቀሩ። ውጤቱ ልክ እናንተ የጻፋችሁት ነው፦ የምትሰሙት ንጹሕ፣ የምትልኩት ጫጫታ የገባበት። ኬብሉ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ከወረደ ደግሞ ሊፍት በተነሣ ቁጥር ይመታል።

ማረጋገጡ መሣሪያ አይፈልግም። ጃኩን ነቅላችሁ፣ ምላሱን ወደ ወዲያ፣ ወርቃማዎቹን ጥርሶች ወደ እናንተ አድርጋችሁ፣ የኬብሉን መግቢያ ወደ መሬት አዙሩ፤ ከግራ 1 ብላችሁ ቁጠሩ። መሐል ያሉት 4 እና 5 ሰማያዊና ነጭ-ሰማያዊ መሆን አለባቸው፤ በሁለቱም የቀለም አደራደር ደንቦች፣ በቲ568ኤም ሆነ በቲ568ቢ፣ ይህ አይለወጥም። ካልሆኑ ሁለቱንም ጫፍ ቁረጡና እንደገና እሰሩ። ግምዱን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱት። መንገድ ላይ ክሮን (ሽቦ እየተመታ የሚገባበት ማገናኛ) ካለ ሽቦዎቹ እዚያም በጥንድ መቀመጣቸውን እዩ፤ በክሮን መምቻው ሳይሆን በመፍቻ የተገፋ ሽቦ ካገኛችሁ አዲስ ቦታ ላይ ምቱት፣ ልቅ ሽቦ ልክ እንዲህ ለ2 ሰከንድ እየመጣ የሚሄድ አላርም ያመጣል።

ቀለሙ ትክክል ከሆነና ቢጫው ከቀጠለ በሉፕ፣ ማለትም የተላከውን መልሶ ወደ ላኪው በሚያመጣ ማገናኛ፣ መስመሩን ከፋፍላችሁ ፈልጉት። አንድ ትርፍ ጃክ ውሰዱ፤ 1ን ከ4፣ 2ን ከ5 ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሉፕ ከማድረጋችሁ በፊት የፖርት 1ን ክሎክ ወደ 0 መልሱት፤ አለዚያ ካርዱ የራሱን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል፣ ፈተናውም ዋጋ አይኖረውም። መጀመሪያ በቀጥታ ካርዱ ላይ ሰኩት። አረንጓዴ ከሆነና አስተሪስክ «እኛ የደንበኛ ወገን ነን ስንል ያኛውም ደንበኛ ነኝ ይላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከጻፈ ካርዳችሁ ጤነኛ ነው፤ ራሱን መልሶ እየሰማ ነው። ቀጥሎ ኬብሉን መልሳችሁ ምድር ቤት፣ ሣጥኑ የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ሉፕ አድርጉ። ይህን ለ15 ደቂቃ ተዉት፣ ሊፍቱ እየሠራ። የሲአርሲ ስሕተት ዜሮ መሆን አለበት፤ ጥቂት እንኳ ከቆጠረ ኬብሉ ነው። ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ ከሣጥኑ መቀበያ ጀምሮ ወዲያ ነው። ሲጨርሱ ሉፑን ማውጣትና ክሎኩን ወደ 1 መመለስ ይረሳል፤ የሉፑ ጃክ ላይ ቀይ ቴፕ ጠቅልሉበት።

ፖርት 2ንም ካነሣን፣ ከፒቢኤክሱ ጋር ያለው ኬብል የተገለበጠ መሆን አለበት፦ 1 ወደ 4፣ 2 ወደ 5፣ ደግሞም በተቃራኒው። ከሱቅ የሚገዛው የኢተርኔት ክሮስኦቨር የሚያገላብጠው 1ን ከ3፣ 2ን ከ6 ጋር ስለሆነ እዚህ አይሠራም፤ ሁለቱም በኩል ቀይ ብቻ ታያላችሁ። የእናንተ እየሠራ ስለሆነ አትንኩት፤ አንድ ቀን ሲበላሽ ግን ኢተርኔት ኬብል ሰክታችሁ ግማሽ ቀን እንዳታጡ። ፒቢኤክሱ በኮአክስ የሚገናኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ 75 ኦም ነው፣ ካርዳችሁ 120 ኦም፤ መሐል ላይ ባለን (ሁለቱን የኬብል ዓይነቶች የሚያጣጥም ትንሽ ማገናኛ) ያስፈልጋል። ያለ ባለን ሽቦውን እንዲሁ ቢያገናኙት አንዳንዴ ይሠራል፣ ለዚህም ነው ሰው የሚታለለው፤ ሞገዱ እየተንጸባረቀ የኮድ ጥሰት ቆጣሪውን ይሞላዋል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ክሎኩን ዛሬ ማታ አስተካክሉና ኬብሉን ሳትነኩ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ጠብቁ። ትክክለኛ ስሊፕ ሙሉ ፍሬም ስለሚጥል ወይም ስለሚደግም የፍሬሙን አሰላለፍ አያፈርስም፤ ስለዚህ ቢጫውን አያመጣም ባይ ነኝ። ሆኖም አንዳንድ መሣሪያ ማቆያ የለውምና በክሎክ ልዩነት ፍሬም የሚስት ይኖራል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ኦፕሬተሩ ጋር የምትደርሱ ከሆነ «መስመራችን ይቆራረጣል» አትበሉ፤ እንዲህ ያለው አቤቱታ ከመቶ ሰው ይደርሰዋል። ይህን ጻፉለት፦ «የኢ1 መስመር ቁጥራችን ይህ ነው። በዚህ ቀን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት 5 ጊዜ አርኤአይ ተቀብለናል፣ ሰዓቶቹ እነዚህ ናቸው። በዚያው ጊዜ በእኛ በኩል ኤልኦኤስ፣ ኤልኦኤፍና ኤአይኤስ የለም፤ የሲአርሲ ስሕተት 0፣ የኢ-ቢት ስሕተት ይህን ያህል ነው። ክሎክ ከእናንተ እንወስዳለን፣ ስሊፕ 0 ነው። ኬብላችን ሣጥናችሁ ጫፍ ላይ በሉፕ ተፈትኖ በ15 ደቂቃ 0 ስሕተት አሳይቷል። እባካችሁ ሣጥኑ ከእኛ በሚቀበልበት ወገን በእነዚህ ሰዓቶች ኤልኦኤስ ወይም ኤልኦኤፍ መዝግቦ እንደሆነ አይታችሁ ንገሩን፤ ከዚያም መስመሩን ከማዞሪያ ጣቢያው ወደ ሣጥኑ ሉፕ አድርጋችሁ ፈትኑልን።» ሰዓታችሁ ከእነሱ ሰዓት ጋር እንዲገጥም የሰርቨሩን ሰዓት ቀድማችሁ አስተካክሉ፤ የሦስት ደቂቃ ልዩነት ካለ የእነሱ ሎግ ውስጥ በጠቀሳችሁት ሰዓት ምንም አይገኝም።